ነፋሱ የሁላችን፣ ቤቱ የባለቤቱ




በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ምዕራፎች ፓርቲያችን ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራ አጥነት ያለውን አቋም አስቀምጧል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው በምርጫ መድረክ እምብዛም ስለማይነሣ አንድ ጉዳይ ነው። በቤታችሁ አጠገብ መንግሥት ወይም ባለሀብት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ቢተክልና በዚያ ምክንያት የቤታችሁ ዋጋ ቢወድቅ ዕዳው የማን ነው? በሥራ ላይ ያለው አሠራር በዝምታ መልስ ሰጥቷል፤ ዕዳው የባለቤቱ ነው ይላል። እኛ ይህን መልስ አንቀበልም። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናቀርባለን፤ ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

ነፋስና ኤሌክትሪክ በአገራችን

ኢትዮጵያ ከነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። 51 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም፣ በመቀሌ አቅራቢያ የተተከለው ባለ 120 ሜጋዋቱ አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ዓ.ም፣ ባለ 153 ሜጋዋቱ አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም ተመርቀዋል። ከዚያም በሶማሌ ክልል በአይሻ፣ በአርሲ በአሰላ ተርባይኖች ተተክለዋል። በጎንደር ደጋ ለአገሪቱ ዋና መረብ ኃይል የሚሰጥ የነፋስ ተርባይን እስካሁን አልቆመም። ነገር ግን ከወለቃ ተነሥቶ በኮሶዬ አድርጎ ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሁሉ የዚያን ደጋ ነፋስ ያውቀዋል። አገሪቱ ኃይል በፈለገች ቁጥር ዓይኖች ወደ እንዲህ ያለ ሰገነት ማየታቸው አይቀርም።

ይህ እንዲሆን እኛም እንፈልጋለን። ፓርቲያችን የነፋስ ኃይል ተቃዋሚ አይደለም። ወንዞቻችን በበጋ ሲቀንሱ የደጋ ነፋስ ሊደግፋቸው ይችላል፤ ጭስ የለውም፤ ነዳጅ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ጥያቄያችን ተርባይኑ ይተከል አይተከል የሚል አይደለም፤ ሲተከል ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጊዜው አሁን ነው። የመጀመሪያው ችካል ከተመታ በኋላ ስለ ሕግ መነጋገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ጎንደር በዚህ ረገድ ያየችው ነገር አለ። ለሱዳን ኤሌክትሪክ የሚሸጥበት ባለ 230 ኪሎቮልት መስመር ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደር በኩል፣ በሸህዲና በመተማ አድርጎ ድንበር ይሻገራል። የከተማችን ሰው ግን በመብራት መጥፋት ምክንያት በሻማ የሚያመሽባቸውን ቀናት ያውቃቸዋል። ኃይል በደጃፍ ማለፉ ለደጃፉ ባለቤት ጥቅም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቤት ለከተማ ሰው ምንድን ነው?

የደርግ መንግሥት በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ቀጠለበት። ለዜጋው የቀረለት በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤትና በቋሚነት ያደረገው መሻሻል ነው። ይህንንም ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ሙሉ መብት ብሎታል።

ስለዚህ የአዘዞ ጡረተኛ፣ የማራኪ መምህር፣ የደባርቅ ነጋዴ፣ ውጭ አገር ሠርቶ በቁጠባው ለእናቱ ቤት የሠራ ልጅ፣ ሁሉም ሀብታቸውን ያኖሩት በዚያ ቤት ውስጥ ነው። ባንክ የሚያበድራቸው ቤቱን ይዞ ነው። ልጅ የሚዳሩት፣ የታመመ የሚያሳክሙት፣ ሲቸግር አንዱን ክፍል አከራይተው ነው። የቤቱ ዋጋ ሲወድቅ የሚወድቀው ዕድሜ ልክ የተለቀመ ጥሪት ነው።

የቤት ዋጋ ደግሞ ድንጋይና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት ቤት ፒያሳ አጠገብና ከከተማ ወጣ ብሎ ሲሠራ ሁለት ዋጋ አለው። ጸጥታው፣ አየሩ፣ መንገዱ፣ በመስኮት የሚታየው ሁሉ ዋጋ ነው። በደባርቅማ ዕይታው ራሱ እንጀራ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ጀምሮ ወደዚያ የሚመጣው እንግዳ የሚመጣው ሊያይ ነው። በዚያ ዕይታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሠራ ሰው ዕይታው ሲለወጥበት ገቢው ይለወጣል።

ሕጉ ማንን ያያል?

በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1161 ተተካ። አዲሱ አዋጅ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን ለመመስከር አንሰስትም። ቤቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ያሰላል፤ የኢኮኖሚ ጉዳትና የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚሉ ነገሮችንም አስገብቷል። ዳሩ ግን አዋጁ በዋናነት የቆመው ይዞታው በተወሰደበት ሰው፣ “የልማት ተነሺ” በተባለው ሰው ላይ ነው። ቤቱ ሳይነካ ከጎኑ ማማ የቆመበት፣ ቤቱ በገበያ ላይ የነበረውን ዋጋ ያጣበት ጎረቤት በዚህ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ የለም።

ይህ ክፍተት ለግድብ ወይም ለፋብሪካ ያን ያህል ላይታይ ይችላል። ግድብ ሸለቆውን በሙሉ ይወስዳል፤ ተነሺው ብዙ ነው። የነፋስ ማመንጫ ጠባይ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ተርባይን የሚወስደው ለመሠረቱና ለመዳረሻ መንገዱ የሚበቃ መሬት ነው። ድምፁና ጥላው፣ ከሩቅ የሚታየው ቁመቱ ግን ብዙ ቤት ያዳርሳል። ተነሺው ጥቂት፣ ጎረቤቱ ብዙ ነው። ለተነሺ ብቻ የተሰፋ ሕግ ለነፋስ ኃይል ሲለካ ባዶ ይሆናል። አልሚው ለጥቂት ሰዎች ከፍሎ “ካሳ ጨርሻለሁ” ይላል፤ ብዙዎቹ ከነጉዳታቸው ይቀራሉ።

የሚያሳዝነው ሕገ መንግሥቱ ከአዋጁ የሰፋ መሆኑ ነው። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ለተፈናቀሉት ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ለተነካባቸውም ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ያዛል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና በላይ በሆነ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያውክ ይከለክላል። በአንድ በረት ሽታ ምክንያት ጎረቤቱን መክሰስ የሚችል የጎንደር ሰው በተርባይን ድምፅ ለሚወርድበት የቤት ዋጋ የሚሄድበት ግልጽ የካሳ መንገድ የለውም። አያቶቻችን የሚያውቁትን የጉርብትና ሕግ የልማት ሕጋችን ረሳው ማለት ነው።

መንግሥት የቤታችሁን ዋጋ አያውቀውም እንዳትሉ። ሲከፈለው ያውቀዋል። ቤት ሲሸጥ የስም ማዛወሪያው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ የሚሰላው በዋጋው ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅም ቤት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አምኖ በዚያ ላይ ግብር ጥሏል። ግብር ሲሰበሰብ የሚታይ ዋጋ ካሳ ሲጠየቅ ለምን ይጠፋል?

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

እውነቱን መደበቅ የፓርቲያችን ልማድ አይደለምና በሁለቱም በኩል ያለውን እንናገር። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 7,500 የሚጠጉ የተሸጡ ቤቶችን፣ በ2013 ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶችን መርምሮ ተርባይን በመቆሙ ምክንያት በግልጽ የሚለካ የዋጋ መውደቅ አላገኘሁም አለ። አልሚዎች በየስብሰባው የሚጠቅሱት እንዲህ ያለውን ነው።

በሌላ በኩል የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተርባይን የሚታይባቸው ቤቶች ዋጋ ከ5 እስከ 6 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። በሆላንድ የተደረገው ጥናት በዚያው ርቀት 1.4 በመቶ አገኘ። በዴንማርክ በድምፁ ምክንያት ብቻ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ታይቷል። ከሁሉም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ያው የበርክሌይ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2023 ጥናት ነው። ከተርባይኑ በ1.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች ዋጋ ፕሮጀክቱ እንደታወጀ ራቅ ብለው ካሉት ጋር ሲነጻጸር በ11 በመቶ ወረደ፤ ማመንጫው ሥራ ከጀመረ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ይህም የታየው የሕዝቡ ቁጥር ከ250 ሺህ በላይ በሆነባቸው የከተማ አውራጃዎች ነው፤ በገጠሩ አልታየም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጉዳቱ በየቦታው ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ጎንደሬ ተጎዳሁ ሲል “ጥናት የለህም” ብሎ መመለስ፣ አልተጎዳህም ብሎ በጅምላ መፍረድ ፍትሕ አይደለም። ሁለተኛው፣ ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ወሬው ነው። በእኛ አገር ይህ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቀያሽ ይመጣል፤ ችካል ይተክላል፤ ለማን እንደሆነ ሳይናገር ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዥ ይሸሻል፤ ባለቤቱም ነገ ይፈርስብኝ ይሆናል እያለ የሚያፈስ ጣሪያውን አያድስም። ፕሮጀክቱ ይምጣ አይምጣ የሚነግረው የለም። በአሜሪካ ዋጋው ከዓመታት በኋላ ይመለሳል ተባለ፤ በመሐሉ መሸጥ የግድ የሆነበት፣ የታመመ ያለው፣ የባንክ ዕዳ የደረሰበት ሰው ግን የሸጠው በወረደው ዋጋ ነው።

ለምሳሌ ያህል 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ5 በመቶ ቢወርድ 150 ሺህ ብር ነው። ለአንድ ኩባንያ ይህ የቢሮ ወጪ ነው፤ ለአንድ ጡረተኛ ግን የዓመታት እንጀራ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

የአሰላው ማመንጫ የተተከለው በዴንማርክ የገንዘብ ድጋፍ ነው። እንግዲያው ዴንማርክ ለራሷ ዜጎች ምን እንዳደረገች እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዴንማርክ ያወጣችው የታዳሽ ኃይል ሕግ ተርባይን የሚተክል ሁሉ በዚያ ምክንያት ለሚወርደው የጎረቤት ቤት ዋጋ እንዲከፍል አዘዘ። ዋጋውን የሚተምነው ኩባንያው አይደለም፤ ገለልተኛ ገማች ቦርድ ነው። ከቤቱ ዋጋ ከ1 በመቶ የማይበልጥ ቅናሽ አይታሰብም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይከፈላል። ያው ሕግ በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ከማመንጫው ቢያንስ 20 በመቶ አክሲዮን እንዲቀርብላቸውም አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ የአክሲዮን ደንብ ተሽሮ በቦታው በተርባይኑ ቁመት ስምንት እጥፍ ርቀት ውስጥ ላሉ ቤቶች ዓመታዊ ክፍያ ተተካ፤ በስድስት እጥፍ ርቀት ውስጥ ያለና ጉዳቱ የተረጋገጠለት ባለቤትም ከፈለገ ቤቱን ለአልሚው የመሸጥ መብት ተሰጠው።

ቁመቱ 150 ሜትር የሆነ ተርባይን ብንወስድ ስምንት እጥፉ 1,200 ሜትር፣ ስድስት እጥፉ 900 ሜትር ነው። ይህን ለመለካት ሜትርና ሐቀኛ ቀያሽ ይበቃል።

ታዲያ የዴንማርክ ገበሬ ቤት ዋጋ ሲኖረው የወገራ ሰው ቤት ለምን ዋጋ ያጣል? ድጋፉ ከዚያ ሲመጣ ሕጉ ለምን ድንበር ላይ ይቀራል? ለዚህ ዴንማርኮችን አንወቅስም። ብድርና ዕርዳታ ሲፈራረም ለዜጋው መደራደር የነበረበት የእኛ መንግሥት ነው።

የሚቀርቡብን መከራከሪያዎች

ገዢው ፓርቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ “ፀረ ልማት” የሚል ስም ለመለጠፍ አይዘገይም። እኛ ግን ልማትን የሚያስጠላው ዕዳውን በድሃ ላይ መጣል ነው እንላለን። ጎረቤቱ የሚጠቀምበት ተርባይን ጠባቂ አያስፈልገውም።

“ድሃ አገር ነን፤ ይህን መክፈል አንችልም” የሚሉም አሉ። ጉዳቱ ከደረሰ እኮ በማንኛውም መንገድ ተከፍሏል። ልዩነቱ ዛሬ የሚከፍለው አንድ ጡረተኛ ብቻውን ሲሆን፣ እኛ የምንለው ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመው ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይካፈለው ነው። አገር ድሃ ስለሆነች ከዜጎቿ መካከል በዕጣ የወጣባቸው ብቻ ይክፈሉ የሚል ሕግ የትም የለም።

“የቤት ዋጋ አይወርድም፤ እንዲያውም መንገድና መብራት ስለሚመጣ ይጨምራል” የሚሉትን በደስታ እንሰማቸዋለን። በሥራው ወቅት የቤት ኪራይ ከፍ ሊል እንደሚችልም አንክድም። ይህ እውነት ከሆነ ካሳ የሚጠይቅ አይኖርም፤ አልሚውም አንድ ሳንቲም አያወጣም። እንግዲያው ጉዳት የለም ብሎ የሚምል ሰው ጉዳት ቢደርስ እከፍላለሁ ብሎ መፈረምን ለምን ይፈራል?

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ወደ ምክር ቤት ብትልኩን የሚከተሉትን በሕግ እንዲደነገጉ እናቀርባለን፤ ለእያንዳንዱም ተጠያቂ እንሆናለን።

1. አዋጅ ቁጥር 1161 ይሻሻላል። ይዞታው ባይወሰድበትም በትልቅ የኃይል ማመንጫ ወይም በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምክንያት የቤቱ ዋጋ የወረደበት ሰው ካሳ ያገኛል። ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በሥራ ሲተረጎም ነው።

2. ማንኛውም ችካል ከመተከሉ በፊት በዙሪያው ያሉ ቤቶች ዋጋ ከአልሚውም ከአስተዳደሩም ነፃ በሆነ ገማች ተመዝግቦ፣ ቅጂው ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣል። ነገ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው ሳጥኑ ውስጥ ይገኛል።

3. የፕሮጀክት ማስታወቂያ የጊዜ ገደብ ይኖረዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ያልተጀመረበት ማስታወቂያ በራሱ ይሰረዛል፤ ችካሉ ይነቀላል፤ በመሐል ለደረሰው ጉዳት ያስታወቀው ክፍል ይጠየቃል።

4. በተርባይኑ ቁመት ስድስት እጥፍ ርቀት ውስጥ የሚኖርና ጉዳቱ የተረጋገጠለት ሰው ከፈለገ ቤቱን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ለአልሚው የመሸጥ መብት ይኖረዋል። መኖር ከፈለገም ማንም አያስነሣውም።

5. ኃይል የሚመነጭበትና መስመር የሚያልፍበት ቀበሌ ከሁሉ አስቀድሞ መብራት ያገኛል። ከሽያጩም የተወሰነ ድርሻ በየዓመቱ ለአካባቢው ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይውላል፤ ሒሳቡ በአደባባይ ይለጠፋል።

6. በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የሚያዘው የሕዝብ ተሳትፎ ለይስሙላ አይሆንም። ስብሰባው የሚካሄደው ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ሰነዱ በአማርኛ ለነዋሪው ከደረሰ በኋላ ነው።

መራጮች ሆይ፣

ጎንደር የግንብ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ቤት መሥራት ምን ያህል ድካም እንደሆነ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቆም ለእናንተ አንነግራችሁም። ከዚህ ቀደም ጦርነት፣ አሁንም አለመረጋጋት ያደከመው ሕዝብ የቀረውን ጥሪት በሕግ ክፍተት ሊያጣ አይገባም። የምርጫ ቅስቀሳ ለማድረግ ወደ ቤታችሁ ለሚመጣ ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት። “ከቤቴ አጠገብ ተርባይን ቢቆምና ቤቴ ዋጋ ቢያጣ ማን ይከፍለኛል? በየትኛው አንቀጽ?” አንቀጹን ሊነግራችሁ የማይችል ዕጩ ሕጉን ሊያወጣላችሁ አይችልም።

ነፋሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ የሁላችንም ነው። ቤቱን ግን የሠራው ባለቤቱ ነው። ነፋሱ ለአገር ይሥራ፤ ቤቱም ለባለቤቱ ዋጋውን ይጠብቅ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሕግ ለማውጣት ድምፃችሁን ስጡን።